ሊምስ (የላቦራቶሪ ናሙናና ውጤት መከታተያ ሶፍትዌር) ልንመርጥ ነው፤ ሦስት ዴሞ አይቼ ሦስቱም አንድ ሆኑብኝ

ፒፔት
ሰላም ወገኖች። የውሃና የአፈር ናሙና የሚመረምር ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። 11 ሰዎች ነን፤ በቀን ከ50 እስከ 70 ናሙና ይገባል። ናሙናው ሲመጣ ትልቁ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ከዚያ የሥራ ወረቀት ላይ፣ ከዚያ ኤክሴል ላይ። ሰርተፍኬቱ ደግሞ በዎርድ ይዘጋጃል።

ባለፈው ወር የአንዱን ደንበኛ ውጤት ለሌላው ላክን። ኤክሴሉ ላይ አንድ መስመር ተንሸራትቶ ነው። ደንበኛው ራሱ ደውሎ "ይሄ የኔ ጉድጓድ አይደለም" ባይል ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። በማግስቱ "በ3 ወር ውስጥ ሶፍትዌር ይመረጥ" ተባለና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

ሦስት አቅራቢዎች መጥተው አሳዩን። ሦስቱም የሚያምር ዳሽቦርድ አላቸው። ሦስቱም ባርኮድ ያነባሉ። 140 ጥያቄ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ሰጠኋቸው፤ ሦስቱም 140ውንም "አዎ" ብለው መለሱልኝ። በምንድን ነው የምለያቸው?

የድሮ_መዝገብ
140 ጠይቀህ 140 "አዎ" ካገኘህ የተበላሸው ጥያቄው ነው። (አንተ እያልኩ ነው፤ ፒፔት ከሚል ስም ጾታ መለየት አልቻልኩም።) "ባርኮድ ታነባላችሁ?" ተብሎ ተጠይቆ እምቢ የሚል ሻጭ የት አለ?

ለአንድ ሳምንት ሶፍትዌር የሚባል ነገር አታንሳ። ደብተር ያዝና አንድ ናሙና ከበር እስከ ሰርተፍኬት ተከተል። ማን ተቀበለው? የት አስቀመጠው? ቁጥሩን ማን የት ገለበጠው? ውጤቱን ማን አየው፣ ማን አጸደቀው? እኛ ጋ እንዲህ ስንቆጥር የናሙና ቁጥር በእጅ 9 ጊዜ ይገለበጥ ነበር። ከ9ኙ 3ቱን ለምን እንደምንጽፋቸው የሚያውቅ ሰው ጠፋ። የቀድሞ ኃላፊያችን አንድ ጊዜ ጠይቀው የተጀመሩ ናቸው። እሳቸው ጡረታ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ ግን አሁንም እየሞላን ነበር።

እነዚያን 3ቱን ሳታስወግድ ሶፍትዌር ብትገዛ ሶፍትዌሩም እነሱኑ ይሞላልሃል። አልሸሹም ዞር አሉ ነው የሚሆነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ነጭ_ጋዋን
ጋሼ ልክ ናቸው። የኛን ውድቀት ልንገርህና ተማርበት።

እኛ የመረጥነው በዴሞ ነው። ሻጩ ሲያሳየን ናሙናው ገባ፣ ተመረመረ፣ ጸደቀ፣ ሰርተፍኬት ወጣ፤ 10 ደቂቃ አልፈጀም። አጨበጨብን። ገዛን። ችግሩ የኛ ናሙና እንደዚያ አይሄድም። የኛ ናሙና ጠርሙሱ ተሰንጥቆ ይመጣል። በማግስቱ ደንበኛው ደውሎ "ናይትሬትም ጨምሩልኝ" ይላል። የመጀመሪያው ንባብ ከካሊብሬሽኑ (ማሽኑ በትክክል ከሚለካበት ክልል) በላይ ስለሚሆን 10 እጥፍ ቀጥኖ ይደገማል። ሰርተፍኬቱ ከወጣ በኋላ ደግሞ የድርጅቱ ስም ተሳስቷል ይባላል።

የገዛነው ሲስተም ከእነዚህ አንዱንም ያለ "ተጨማሪ ሥራ" አይችልም ነበር። ተጨማሪ ሥራው ደግሞ ተጨማሪ ክፍያ ነው። በ14 ወር ውስጥ ሁሉም ሰው ቀስ እያለ ወደ ግል ኤክሴሉ ተመለሰ። ሲስተሙ ውስጥ የምናስገባው ለኦዲተር እንዲታይ ብቻ ሆነ። ማለትም ሥራችን ቀነሰ ሳይሆን እጥፍ ሆነ።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። ካለፈው ዓመት በጣም ያስቸገረህን ናሙና አውጣ። ታሪኩን በአንድ ገጽ ጻፈው። ለሦስቱም አቅራቢዎች ስጥና "ስላይድ አያስፈልግም፤ ይሄን እፊቴ ሥሩልኝ" በላቸው። የሚሠራው ሻጩ ሳይሆን ያንተ ቴክኒሻን ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ሻጩ አጠገቡ ቆሞ ብቻ ይምራው።

ፒፔት
መጀመሪያ፣ ሴት ነኝ። 😄 ችግር የለም።

ጋሼ፣ ዛሬ አንድ ናሙና ተከተልኩ። ገና የሥራ ወረቀቱ ላይ ስደርስ 5 ጊዜ ተገልብጧል። ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ።

ነጭ ጋዋን፣ አስቸጋሪ ናሙና አለኝ። ሞልቶ ተርፎ! አሁን ሁለት ጥያቄ። አንደኛ፣ አይቲ ክፍላችን "ነጻ የሆኑ አሉ፤ ለምን ትገዛላችሁ?" እያለ ነው። ሁለተኛ፣ ሊምስና ሊስ ልዩነታቸው ምንድን ነው? አንዱ አቅራቢ ሁለቱንም እያፈራረቀ ይጠራቸዋል።

ሰርቨር_ጠባቂ
ሁለተኛው ቀላል ነው። ሊስ ያደገው ከሕክምና ላቦራቶሪ ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው ታካሚው ነው። ሊምስ ያደገው ከምርመራና ከጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ነው፤ መሃሉ ላይ ያለው ናሙናው ነው። ዛሬ ድንበሩ ደብዝዟል። ቢሆንም ውሃና አፈር የምትመረምሪ ከሆነ "የታካሚ የልደት ቀን ግዴታ ነው" ከሚል ስክሪን ጋር ስትታገዪ እንዳትኖሪ።

ወደ አንደኛው ልምጣ። ሶርስ ኮዳቸው ክፍት የሆኑ ጥሩ ጥሩዎች አሉ። ሴናይት አለ፤ ከቢካ ሊምስ የወጣ ነው፣ ፕሎን በሚባለው መድረክ ላይ ይሠራል፣ ላንቺ ዓይነት ላቦራቶሪ ይስማማል። ኦፕን ኤሊስ ደግሞ ወደ ሕክምናና ወደ ሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ ያደላል። እኔ ራሴ ሴናይትን ተክዬ አውቃለሁ፤ አላማረርኩም።

ግን "ነጻ" የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ያዢው። ነጻ የሆነው ላይሰንሱ ነው። ሰርቨሩን ማን ያስተዳድራል? አዲስ ቨርዥን ሲመጣ ማን ሞክሮ ያስገባዋል? ሌሊት ሲቆምስ ማን ይጠራል? መልሱ "አይቲ ክፍል ያለው አንድ ጎበዝ ልጅ" ከሆነ ልጁ ሌላ ሥራ ያገኘ ቀን ሲስተምሽም አብሮት ይሄዳል። ይሄን የምለው ያ ልጅ እኔ ስለነበርኩ ነው። ሥራ ከለቀቅኩ በኋላ ለ8 ወር ስልኬ አላረፈም።

የሚከፈልበትንም ብትገዢ ውሉ ላይ ሦስት ነገር ዓይንሽን ጣይ። ላይሰንሱ በሰው ስም ነው ወይስ በአንድ ጊዜ በሚገቡ ሰዎች ብዛት? በፈረቃ የምትሠሩ ከሆነ ሁለተኛው በጣም ይሻላል። ቀጥሎ፣ ለናንተ የሚስተካከለው በሴቲንግ ነው ወይስ ኮድ እየተጻፈ? በሴቲንግ የተስተካከለ አዲስ ቨርዥን ሲመጣ አብሮ ይሻገራል። ለብቻ የተጻፈ ኮድ ግን በየአፕግሬዱ እንደገና ይፈተሻል፤ አንዳንዱ እንደገና ይጻፋል። "ሁሉም ይቻላል" የሚል ሻጭ ብዙ ጊዜ "ሁሉንም በኮድ እንጽፍልሻለን" ማለቱ ነው። ሦስተኛው፣ የምትለያዩ ቀን ዳታሽን በምን መልክ ይመልሱልሻል? 40 ሺህ ፒዲኤፍ ፋይል ዳታ አይባልም። ሙሉው ዳታቤዝ ከነማብራሪያው ይሰጠኝ በይ። ሠርጉ ሳይደርስ ስለ ፍቺ ማውራት ቢመስልም ሌላ ጊዜ አይኖርሽም።

ኳሊቲዋ
እኔ የጥራት ሰው ነኝና የማይወደደውን ክፍል ላንሳ። አክሬዲቴሽን (የብቃት ዕውቅና) ካላችሁ ወይም ልታመጡ ካሰባችሁ፣ የምርመራ ላቦራቶሪዎች መለኪያ የሆነው አይኤስኦ 17025 የ2017ቱ እትም አንቀጽ 7.11 ሙሉ በሙሉ ስለ ዳታና ዳታውን ስለሚይዘው ሲስተም ቁጥጥር ነው። ለሕክምና ላቦራቶሪዎች ደግሞ የ2022ቱ አይኤስኦ 15189 አንቀጽ 7.6 አለ።

ሲስተሙ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ላቦራቶሪው ራሱ መሥራቱን ማረጋገጥ አለበት። ገበያ ላይ ያለ የተለመደ ሶፍትዌር ለተሠራበት ዓላማ ሲውል በቂ ቫሊዴሽን (ለዓላማው እንደሚሠራ ማረጋገጫ) እንዳለው ይቆጠራል፤ እናንተ የቀየራችሁት ሴቲንግና ያስገባችሁት ፎርሙላ ግን የናንተ ዕዳ ነው። ሻጩ "ቫሊዴትድ ነው" ብሎ ወረቀት ቢሰጥሽ አመስግነሽ ፋይል አድርጊው። ከዚያ ቁጭ ብለሽ የራስሽን ስሌት በእጅሽ አስይና ከሲስተሙ ጋር አስተያዪ። የተለመደውን ቁጥር ብቻ አትሞክሪ። ዜሮ አስገቢ። ባዶ ተይው። ነጥቡን ባልሆነ ቦታ አድርጊው። "ከ0.01 በታች" የሚል ውጤት አስገቢና አማካይ ሲያወጣ ምን እንደሚያደርግ እዪ። ስንቱ ሲስተም እዚህ ላይ ጉድ እንደሚፈላበት ብታዪ!

ሌላው ኦዲት ትሬይል ነው። ማን፣ መቼ፣ ከምን ወደ ምን ቀየረ? የድሮው ቁጥር መታየት አለበት። ይሄ ሁሉ ግን ሰዉ በአንድ ፓስወርድ የሚገባ ከሆነ ዋጋ የለውም። አንድ ላቦራቶሪ ሄጄ የሁሉም ውጤት በኃላፊዋ ስም ሆኖ አገኘሁት፤ እሷ ዕረፍት ላይ የነበረችበትን ሳምንት ጨምሮ። ለምን ስል "ጓንት አድርገን በየሰዓቱ ፓስወርድ መጻፍ አይመችም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው! ጥፋቱ የሰዎቹ ብቻ አይደለም። ኮምፒዩተሩ የሥራ ጠረጴዛው አጠገብ እንዴት እንደሚቀመጥና ሰው በምን እንደሚገባ ቀድሞ ያሰበ አልነበረም።

ጀማሪ_ኬሚስት
ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ኤክሴል እንዲህ የሚወገዝበት ምክንያት አልገባኝም። ፎርሙላው ከተቆለፈ ምን አለው?

ኳሊቲዋ
ለትንሽ ስሌት ምንም አይለውም፤ ተቆልፎ ተፈትሾ ከሆነ። ችግሩ እንደ ዳታቤዝ ሲያገለግል ነው። በ2020 እንግሊዝ ውስጥ 15,841 የኮቪድ ኬዞች ከዕለታዊ ቁጥሩ ሳይገቡ ቀሩ። የላቦራቶሪ ውጤቶቹ የሚገለበጡበት ፋይል የድሮው የኤክሴል ፎርማት ነበር። እሱ ደግሞ ከ65,536 መስመር በላይ አይዝም። ትርፉ ዝም ብሎ ተቆረጠ፤ "ሞልቻለሁ" ብሎ የጮኸ ነገር አልነበረም።

የጂን ስሞቹን ነገርም ሰምተህ ይሆናል። ኤክሴል እንደ ቀን እየቆጠረ ስለቀየራቸው የሰውን ጂን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ በ2020 ለጂኖቹ ሌላ ስም አወጣ። ያኔ ሶፍትዌሩ አልተስተካከለም፤ ሳይንሱ ነው የተስተካከለለት።

ካሊብሬተር
ስለ ማሽኖቹ ማንም ስላላነሳ እኔ ላንሳ። "ማሽኖቻችሁ ከሲስተሙ ጋር ይገናኛሉ" ከተባልሽ የትኛው ማሽን፣ በምን ገመድ፣ ወደ የት አቅጣጫ ብለሽ ጠይቂ። አንዳንዱ ውጤት ይልካል እንጂ አይቀበልም። አንዳንዱ የሥራ ዝርዝሩን ከሲስተሙ ይወስድና ውጤቱን ይመልሳል። ያረጁት አርኤስ 232 በሚባለው የድሮ ገመድ፣ ኤኤስቲኤም በሚባል የማሽን ቋንቋ ያወራሉ። የሕክምናዎቹ ኤችኤል 7 የሚባለውን የጤና መረጃ መለዋወጫ ቋንቋ ያውቃሉ። ብዙዎቹ የኬሚስትሪ ማሽኖች ግን የሲኤስቪ ፋይል (በኮማ የተከፋፈለ ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) አንድ ፎልደር ውስጥ ይጥላሉ፤ ከዚያ ሲስተሙ ይለቅመዋል። በዚህ ማፈር የለብሽም፤ በደንብ ይሠራል።

ሁሉንም በአንዴ ለማገናኘት አትሞክሪ። በቀን 4 ናሙና የሚያነበውን ፒኤች ሜትር ለማገናኘት ወር መፍጀት ሞኝነት ነው፤ በእጅ ይግባ። በቀን መቶ መቶ ቁጥር ከሚተፋው ጀምሪ። ስህተቱም ያለው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ፤ አሃድ። ማሽኑ በማይክሮግራም ይልካል፣ ሰርተፍኬቱ በሚሊግራም ነው። በመሃል ያለችውን የ1000 ማካፈያ ማሽኑም ሲስተሙም ካደረጓት ውሃሽ በአንድ ሌሊት ንጹህ ይሆናል።

ፒፔት
ይሄን ሁሉ አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አዲሱና የድሮው ጎን ለጎን ለምን ያህል ጊዜ ይሂዱ? አለቃዬ 6 ወር ይላሉ።

ነጭ_ጋዋን
6 ወር?! ሰዉን ልትገድዪው ነው። እኛን የገደለን ይሄ ነው። ድርብ ሥራ ሲበዛ ሰው ከሁለቱ አንዱን ለይስሙላ ይሞላል፤ ያም ሁልጊዜ አዲሱ ነው። 2 ሳምንት፣ በቃ።

የድሮ_መዝገብ
በ2 ሳምንት አልስማማም። በወር አንዴ ብቻ የሚመጣ ምርመራ አለ። እሱ ሳይፈተሽ የድሮውን ዘግተህ በኋላ ቢበላሽ ምን ልትይዝ ነው? ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል።

ነጭ_ጋዋን
ጋሼ፣ በአክብሮት፤ ሁለት ባላ ሲተከል ሰዉ በአሮጌው ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ እኮ!

ሰርቨር_ጠባቂ
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ጥያቄው ነው መቀየር ያለበት። ጊዜ ሳይሆን ምርመራ ቁጠሩ። አንዱን የምርመራ ዓይነት ወደ አዲሱ አስገቡ። 20 ወይም 30 ናሙና በሁለቱም ሂዱና ሰርተፍኬቶቹን ጎን ለጎን አስተያዩ። ከተስማሙ የዚያን ምርመራ ወረቀት ዝጉት። በወር አንዴ የሚመጣው ተራው እስኪደርስ በድሮው ይቆይ። እንዲህ ሲሆን ድርብ ሥራ የሚኖረው በአንድ ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው።

ባክአፑን ደግሞ መልሳችሁ ከፍታችሁ እዩት። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንደሌለ ቁጠሩት።

የድሮ_መዝገብ
ይሄ ያስማማኛል።

ፒፔት (ከ9 ወር በኋላ)
ሰላም ወገኖች፤ አልጠፋሁም። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

አስቸጋሪውን ናሙና ለሦስቱም ሰጠሁ። አንዱ አቅራቢ ቀጠሮ ሦስት ጊዜ አራዘመና ቀረ። ሁለተኛው ሠራው፤ ግን የወጣ ሰርተፍኬት ሲታረም በአሮጌው ላይ ዝም ብሎ ይጽፍበታል። ምን እንደተቀየረ አይናገርም። ኳሊቲ ክፍላችን እዚያው ስብሰባ ላይ "ይሄ አይሆንም" አለ። ሦስተኛው ሁለት ቦታ ላይ "ይሄን አንችልም፣ ግን እንዲህ ማለፍ ይቻላል" አለን። እሱን መረጥን። "አንችልም" ያለን ብቸኛው ሰው እሱ ነበር።

ከዚያ የጠበቅኩት ሥራ ቀላል ሆነና ያልጠበቅኩት ከበደኝ። ተከላው 4 ቀን ፈጀ። የምርመራ ዝርዝሩን ማስገባት 11 ሳምንት! 40 ምናምን ምርመራ ያለን ይመስለኝ ነበር። ማስገባት ስጀምር ናይትሬት በመጠጥ ውሃ አንድ ነው፣ በፍሳሽ ውሃ ሌላ፣ በአፈር ሌላ። ዘዴው፣ አሃዱ፣ የመለያ ወሰኑ (ዘዴው ለይቶ የሚያየው ትንሹ መጠን)፣ ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ እንደሚጻፍ ሁሉም ይለያያል። 118 ላይ ቆመ። ይባስ ብሎ ሁለት ቴክኒሻኖቻችን አንዱን ምርመራ ለዓመታት በተለያየ አሃዝ ሲያጠጋጉ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የታወቀው። ሁለቱም "ትክክሉ የኔ ነው" አሉ። ሶፍትዌሩ አንዱን ምረጡ ስላለ ብቻ ከጓዳ የወጣ ነገር ነው።

የድሮ ኤክሴሎቹን አላስገባንም። ያስገባነው የደንበኞችን ዝርዝርና ያልተጠናቀቁ ናሙናዎችን ነው። የቀረው ለማንበብ ብቻ ተቆልፎ ተቀመጠ። እስካሁን የከፈተው ሰው ከአምስት አይበልጥም።

ካላሰብንበት የመጣው ዱብ ዕዳ ስቲከሩ ነው። ባርኮዱን ያተምነው በሙቀት ብቻ በሚጠቁር ተራ ስቲከር ላይ ነበር። አንዷ ቴክኒሻን ጠርሙሱን በአልኮል ስትጠርገው ጽሑፉ ጠፋ። ፍሪዘር ውስጥ የገቡት ደግሞ ተላጡ። 30 ጠርሙስ ስም አልባ ሆኖ ተሰልፎ ማየት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። በማስገቢያ ቅደም ተከተላቸውና በቅርጫታቸው ለየናቸው፤ 2ቱን ግን እንደገና አስመጣን። አሁን በሬዚን ሪባን የሚታተም፣ ቅዝቃዜ የሚችል ስቲከር ነው የምንጠቀመው። ሊምስ ለመግዛት የምታስቡ፣ ሶፍትዌሩን ሳታዩ ስቲከሩን አልኮል ውስጥ ንከሩት።

ጀማሪ_ኬሚስት
የመረጣችሁት የትኛው ሆነ? ስሙን ንገሪን።

ፒፔት
ስሙን ብነግርህ ሁሉም ሄዶ እሱን ይገዛል፤ አስቸጋሪ ናሙናህ ግን ከኔው ጋር አንድ አይደለም። የኔን የፈተና ገጽ ከፈለግክ በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ፤ በሱ ፋንታ የራስህን ጻፍበት።

የድሮ_መዝገብ
እንኳን ደስ አለሽ ልጄ። አሁን ቁጥሩ ስንት ጊዜ በእጅ ይገለበጣል?

ፒፔት
ጋሼ፣ አንድ ጊዜ። ሲስተሙ ውስጥ ሳይሆን ትልቁ መዝገብ ላይ። ናሙና ተቀባያችን አሁንም ትጽፍበታለች። "ሲስተም ሲቆምስ?" አለችኝ፤ እውነቷን ስለሆነ የሰነድ ቁጥር ሰጥተን ሲስተም ሲቋረጥ የሚሞላ መዝገብ አደረግነው። ኦዲተሩም ወደደው። እሷ ግን ሲስተሙ ባልቆመበት ቀንም ትጽፋለች። ምን ላድርጋት?

የድሮ_መዝገብ
ተያት። ደብተሩ ሲያልቅ ግን ሌላ ወፍራም አትግዙላት።